ቤቱ የማን ነው? በቤተሰብ መካከል ስለሚነሣ የመኖሪያ ቤት ክርክር

በሐዴራ ከተማ፣ በክፋር ብራንዳይስ ሰፈር ለአዲስ ኦሊም ቤተሰቦች የተሰጠ ገለጻ



  ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ቤት ነው። ማሽካንታ፣ ማለትም የቤት መግዣ ብድር፣ እንዴት እንደሚወሰድ የክሊታ ሠራተኞች በሰፊው ያስረዷችኋል፤ እኔ የምናገረው ቤቱ ከተገዛ በኋላ በአባትና በልጅ፣ በባልና በሚስት፣ በወንድምና በእህት መካከል ስለሚነሣው «ቤቱ የማን ነው?» ስለሚለው ጥያቄ ነው። እኔ አስተርጓሚ ነኝ፤ የተማርሁትም መምህርነት እንጂ ሕግ አይደለም። ስለዚህ ይህ ገለጻ ጠበቃን አይተካም። ጠበቃው ዘንድ ስትቀርቡ ምን እንደምትጠይቁና ምን ይዛችሁ እንደምትሄዱ እንድታውቁ ግን ይረዳችኋል።

የተሰበሰብንበት ሰፈር ስሙን ያገኘው ከሉዊስ ብራንዳይስ ነው። ይህ ሰው ከ1916 እስከ 1939 በዩናይትድ ስቴትስ የላይኛው ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኖ የሠራ፣ በዚያም ፍርድ ቤት የተሾመ የመጀመሪያው አይሁዳዊ ነበር። በዳኛ ስም በተጠራ ሰፈር ተቀምጠን ስለ ፍርድ ብንነጋገር የሚያስነውር አይመስለኝም። ይህን የምለው ነገሩ እንደሚከብድ ስለማውቅ ነው። በእኛ ዘንድ አባት ልጁን «ፈርምልኝ» ቢለው ልጁን እንደ ሌባ የቆጠረው ይመስላል። ልጅም አባቱን «የሰጠኸኝን ቤት በወረቀት አድርግልኝ» ቢል የአባቱን ሞት የሚጠባበቅ ተብሎ ይታማል። በዚህ ምክንያት ሁሉም ዝም ይላል። ዝምታው ቤቱ በተገዛበት ቀን ማንንም አይጎዳም፤ ጉዳቱ የሚታየው ከ10 ወይም ከ15 ዓመት በኋላ፣ ሙሽራ ስትመጣ ወይም ዕዳ ሲመጣ ወይም ሰው ሲሞት ነው።

በጎንደር ገጠር ቤት እንዴት እንደሚሠራ ታስታውሳላችሁ። እንጨቱን ማን እንደቆረጠ፣ ጭቃውን ማን እንዳቦካ፣ ደቦው ቀን ጠላውን ማን እንደጠመቀ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ክርክር ቢነሣ ሽማግሎች ይቀመጣሉ፤ ጎረቤት ይመሰክራል፤ ነገሩ ያልቃል። ምስክሩ መንደሩ ራሱ ነበር። እዚህ ግን ያ መንደር የለም። አንዱ ሐዴራ፣ አንዱ ቤርሼባ፣ አንዱ ኪርያት ጋት ነው። ያየው ሰው ቢገኝም ፍርድ ቤቱ አስቀድሞ የሚያየው መዝገቡን ነው።

«ይህ የፈረንጅ ሕግ ነው» የሚሉ አባቶች አሉ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በኢትዮጵያም በ1960 በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ታዟል። ገጠር የኖርነው እኛ አልተጠቀምንበትም እንጂ ሕጉ ነበር። ለነገሩ ብዙዎቹ አያቶቻችን የሚያስመዘግቡት ርስት አልነበራቸውም። በሰው መሬት ላይ ጢሰኛ ሆነው፣ ብረት ቀጥቅጠውና ሸክላ ሠርተው ነው የኖሩት። በ1975 የደርግ መንግሥት የገጠር መሬትን የሕዝብ ባደረገ ጊዜ እንኳ ያገኘነው የመጠቀም መብት እንጂ የመሸጥ መብት አልነበረም። እንግዲህ በስማችን የተመዘገበ ቤት መያዝን የተማርነው እዚህ አገር ነው። ደግሞም «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ተረት የራሳችን ነው፤ ከማንም አልተዋስነውም።

አሁን ስለ መዝገቡ ልንገራችሁ። መዝገቡ «ታቡ» ይባላል። ስሙ ቱርኮች ይህን አገር ሲገዙ ከነበረበት ዘመን የቀረ ነው። በ1969 የወጣው የመሬት ሕግ ቤትን መሸጥ ወይም መስጠት የሚፈጸመው በታቡ ሲመዘገብ ብቻ ነው ይላል። ያልተመዘገበ ስምምነት «አደርጋለሁ» እንደሚል ቃል ኪዳን ይቆጠራል፤ ያም ቃል ኪዳን ቢሆን በጽሑፍ መሆን አለበት። ሁሉም ቤት በታቡ አይገኝም። አንዳንዱ በእስራኤል የመሬት ባለሥልጣን፣ አንዳንዱም በገነባው ኩባንያ መዝገብ ነው ያለው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ቤታችሁ የት እንደተመዘገበና በማን ስም እንደተመዘገበ ማወቅ ነው። በታቡ ከሆነ «ነሳኽ ታቡ» የሚባለውን የመዝገብ ግልባጭ ማንኛውም ሰው ጥቂት ክፍያ ከፍሎ ማውጣት ይችላል። የአርኖና ወረቀት፣ የውኃ ሂሳብ፣ የመብራት ሂሳብ በስማችሁ መምጣቱ ግን ባለቤት አያደርጋችሁም። አርኖና የሚከፍለው በቤቱ የሚኖረው ነው፤ ተከራይም ይከፍላል። የአርኖና ወረቀት በፌስታል ጠቅልለው «ይኸው የቤቴ ማስረጃ» የሚሉ እናቶችን ስላየሁ ነው ይህን አጥብቄ የምናገረው።

ከሁሉ በብዛት የሚያጋጥመው በልጅ ስም የተገዛ ቤት ነው። ነገሩ የሚጀምረው በቀና ልብ ነው። አባት ዕድሜው ገፍቷል፤ ባንክ ለሽማግሌ ረጅም ብድር አይሰጥም፤ የደመወዝ ወረቀትም የለውም። ልጁ ግን ከሠራዊት ወጥቶ ሥራ ይዟል፣ ዕብራይስጡም ጥሩ ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ ያጠራቀመው ገንዘብ ሁሉ ይወጣና ቤቱ በልጁ ስም ይገዛል። አባትና እናት ይኖሩበታል፤ ወርኃዊውን ክፍያም ከጡረታቸው ያዋጣሉ። ልጁም «የእናንተው ነው፣ እኔ ስሜን ብቻ ነው የሰጠሁት» ይላል፤ ሲናገርም ከልቡ ነው። በኋላ ያገባል። ወይም ነግዶ ይከስርና ባለ ዕዳው ቤቱን ያስይዛል። ወይም፣ እግዚአብሔር አያምጣውና፣ ይሞታል፤ ወራሾቹም ሚስቱና ልጆቹ ይሆናሉ። ያን ጊዜ አባትና እናት በመዝገቡ ላይ የሉም።

እኛ ይህን ነገር «አደራ» እንለዋለን። የሕጉም ሐሳብ ከዚያ አይርቅም። በእንግሊዝ አገር ዳኞች ከብዙ ዘመን ጀምሮ «ስሙ በመዝገብ ላይ ቢሆንም ገንዘቡ የሌላ ከሆነና በመካከላቸው መግባባት ከነበረ፣ ባለ ስሙ ቤቱን የያዘው በአደራ ነው» ብለው ይፈርዳሉ። ማንም «አደራ» ብሎ ባይጽፍም እንኳ አደራውን ፍርድ ቤቱ ራሱ ያቆመዋል። እንግሊዞች ይህን አገር ሲያስተዳድሩ ያን ሐሳብ ይዘው መጥተው ነበር። ነገር ግን የ1969ኙ ሕግ በመጨረሻው ክፍል፣ በቁጥር 161፣ ከእንግዲህ ወዲህ በሕግ ከተደነገገው በቀር በመሬት ላይ ሌላ መብት የለም ሲል ያን በር ዘጋ። በ1979 የአደራ ሕግ ወጥቷል፤ ፍርድ ቤቶችም በአደራ የተያዘ ቤት ነው የሚል ክርክር ይሰማሉ። ይሁን እንጂ መዝገቡን የሚቃወም ሰው ጠንካራ ማስረጃ እንዲያመጣ ይጠየቃል። ከዚህም በላይ ወላጅ ለልጁ ገንዘብ ሲሰጥ ሌላ ማስረጃ ከሌለ ስጦታ ነው ተብሎ ሊገመት ይችላል። ይህን ልብ በሉ። በእኛ ልማድ ለልጅ የተሰጠ ገንዘብ የቤተሰቡ ሁሉ ገንዘብ ነው። በፍርድ ቤት ዓይን ግን ጽሑፍ የሌለው ከሆነ ስጦታ ሊባል ይችላል፤ የተሰጠ ስጦታ ደግሞ አይመለስም።

ታዲያ ምን ይሻላል? የሚቻል ከሆነ ቤቱ በገንዘቡ ባለቤቶች ስም፣ ወይም በወላጆችና በልጁ ስም በድርሻ ይመዝገብ። የማይቻል ከሆነ ቤቱ በሚገዛበት በዚያው ሰሞን፣ ሁሉም እየተዋደደ ሳለ፣ በጠበቃ ፊት ወረቀት ይጻፍ፦ ገንዘቡን ማን ስንት አወጣ፣ የተሰጠው በአደራ ነው ወይስ በብድር ወይስ በስጦታ፣ ወላጆች እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ይኖሩበታል ወይስ አይኖሩበትም። ከዚያም ጠበቃው «ሄዓራት አዝሃራ» የሚባለውን የማስጠንቀቂያ ማስታወሻ በታቡ ያስመዝግብላችሁ። ይህ ማስታወሻ ቤቱን ሊገዛ ወይም ለዕዳ ሊይዝ የሚመጣውን ሁሉ «እዚህ ቤት ላይ የሌላ ሰው መብት አለ» ይለዋል። የወረቀቱ ጉልበት ምን ያህል እንደሆነ ከአንድ ፍርድ መረዳት ይቻላል። በ1999 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ባልዋ ድርሻውን ሊሰጣት በጽሑፍ የተዋዋላት ሴት፣ በታቡ ገና ሳይመዘገብላት የባልዋ ባለ ዕዳ የሆነ ባንክ ቤቱን በያዘ ጊዜ፣ መብቷ ከባንኩ ይቀድማል ሲል ፈርዶላታል። ያ ክርክር ግን ዓመታት ወስዷል። ማስታወሻው አስቀድሞ ተመዝግቦ ቢሆን ድካሙ በቀነሰ ነበር።

በልጅ ስም መግዛት ልጁንም እንደሚጎዳው ብዙ ወላጆች አይገነዘቡም። በስሙ ቤት ያለው ሰው «ሃሴር ዲራ»፣ ማለትም ቤት የለሽ፣ ተብሎ አይቆጠርም። ነገ ሚስት አግብቶ በመንግሥት እርዳታ የራሱን ቤት ሊገዛ ሲመጣ «አንተ እኮ ቤት አለህ» ይባላል፤ በግዢ ግብርም በኩል ሁለተኛ ቤት እንደሚገዛ ሰው ሊቆጠር ይችላል። ስሙን ለወላጆቹ ያበደረ ልጅ ከፍ ያለ ዋጋ ነው የከፈለው። ወላጆችም ይህን አውቀው ቢያመሰግኑት፣ ከተቻለም ቢክሱት ተገቢ ነው እላለሁ።

ሁለተኛው ጉዳይ በወላጅ ቤት ላይ መሥራት ነው። እንደ ክፋር ብራንዳይስ ባለ፣ ግቢ ያላቸው ቤቶች በሚገኙበት ሰፈር ይህ ሐሳብ ቶሎ ይመጣል። አባት ልጁን «ኪራይ ለሰው ከምትከፍል ጓሮ ላይ ሥራና ኑር፤ ነገም ያንተው ነው» ይለዋል። ልጅም ከባንክ ተበድሮ ሁለት ክፍል ይሠራል። የግንባታ ፈቃድ ሳያወጡ መሥራት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፤ የ1965ቱ የፕላንና የግንባታ ሕግ ያለ ፈቃድ የተሠራን እስከ ማፍረስ ያደርሳል፤ ወደዚያ አልገባም። የእኔ ጥያቄ ቤቱ ከተሠራ በኋላ አባትና ልጅ ቢጣሉስ የሚል ነው። ወይም አባት ሞቶ እህቶቹ «ግቢው የአባታችን ነው፣ እኩል እንካፈል» ቢሉስ?

በመዝገቡ ላይ ግቢው የአባት ነው። ልጁ በሕጉ ቋንቋ «ባር ረሹት»፣ ማለትም በፈቃድ የሚኖር ነው። ፈቃድ ደግሞ ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን የዚህ አገር ፍርድ ቤቶች በባለቤቱ ቃል ታምኖ ገንዘቡንና ጉልበቱን ያፈሰሰን ሰው እንዲሁ በባዶ እጁ አያስወጡትም፤ ያወጣው ወጪ እንዲከፈለው ሊያዝዙ ይችላሉ፣ አልፎ አልፎም ፈቃዱ አይነሣም ይላሉ። በ1968 የወጣው የስጦታ ሕግም ይህን መንፈስ ይዟል። ወደፊት ስጦታ እሰጣለሁ የሚል ቃል በጽሑፍ ካልሆነ አያስገድድም፤ በጽሑፍም ቢሆን ሰጪው ሐሳቡን ሊለውጥ ይችላል። ተቀባዩ ግን በዚያ በተጻፈ ቃል ታምኖ ኑሮውን ከለወጠ በኋላ፣ ለምሳሌ ሥራውን ትቶ ወይም ቤቱን ሸጦ ከመጣ፣ ሰጪው እንደ ልቡ ሊያፈገፍግ አይችልም። ለሰጪውም ሕጉ አዝኖለታል፦ ተቀባዩ ሰጪውን ወይም ቤተሰቡን በሚያሳፍር ሁኔታ ከበደለ፣ ወይም ሰጪው ክፉኛ ከደኸየ፣ ቃሉን ሊያነሣ ይችላል።

«በቃል ብቻ የተነገረውስ?» የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ። በ1996 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንድ ትልቅ ፍርድ ሰጥቷል። ሁለት ወገኖች በአንደኛው ቦታ ላይ ሁለት ቤት ሠርተው ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ሊይዙ ተስማምተው ነበር። ቤቶቹ ተሠሩ፤ ሕጉ የሚፈልገው የተሟላ ውል ግን አልተጻፈም። በኋላ ሲጣሉ የቦታው ባለቤቶች «ውል የለም» አሉ። ፍርድ ቤቱም ሕጉ ጽሑፍ ቢፈልግም፣ ሌላው ወገን ድርሻውን ፈጽሞ ሳለ የጽሑፍን ጉድለት ይዞ መካድ ከቅን ልቦና ውጭ የሚሆንበት ጊዜ አለ ብሎ ለሠራው ወገን ፈረደ። ይህን ስትሰሙ «እንግዲያማ ጽሑፍ አያስፈልግም» እንዳትሉ። ዳኞቹ ራሳቸው ይህ እጅግ በተለየ ሁኔታ ብቻ የሚሠራ መሆኑን ተናግረዋል፤ በቃል ብቻ የቀሩ ብዙ ክርክሮች ተሸንፈዋል።

እንግሊዞች በዚህ ረገድ እጃቸው የሰፋ ነው። በ2022 በዚያ አገር የላይኛው ፍርድ ቤት የታየ የአንድ የገበሬ ቤተሰብ ጉዳይ ለእኛ ቅርብ ስለሆነ ልንገራችሁ። የበኩር ልጅ በአባቱና በእናቱ እርሻ ላይ በትንሽ ደመወዝ ከ30 ዓመት በላይ ሠራ፤ «እርሻው ነገ ያንተ ይሆናል» እየተባለ። በኋላ ተጣሉና ወላጆቹ ከኑዛዜያቸው አወጡት። ዳኞቹ የተሰጠው ተስፋ ዋጋ እንዳለውና መካዱ በደል እንደሆነ ተስማሙ። ነገር ግን ወላጆቹ በሕይወት እያሉ እርሻው ይሸጥ ቢባል ልጁ የተነገረውን ሳይሆን የበለጠውን ማግኘቱ ነው፤ የተነገረው ከሞታቸው በኋላ ነበርና። ስለዚህ ለወላጆቹ ምርጫ ሰጧቸው፦ ወይ የልጁ ድርሻ ከእነርሱ ሞት በኋላ እንዲደርሰው በአደራ ይያዝ፣ ወይም ዛሬ በገንዘብ ይከፈለው፤ ዛሬ ከሆነ ግን ሒሳቡ ይቀነስ። ልብ አድርጉ፣ ከአምስቱ ዳኞች ሁለቱ በዚህ አልተስማሙም። በአባትና በልጅ መካከል መፍረድ ለእነርሱም ከባድ ነው።

በእስራኤል ግን «ነገ ያንተ ነው» የሚለው ቃል አንድ ተጨማሪ እንቅፋት አለበት። የ1965ቱ የውርስ ሕግ በሕይወት ያለ ሰው ውርስ ላይ የሚደረግን ስምምነት ሁሉ ዋጋ የለውም ይላል። ከሞት በኋላ የሚጸና ስጦታም በኑዛዜ ካልሆነ አይሠራም። ስለዚህ አባት ልጁ በሠራው ቤት እንዲጸና ከፈለገ መንገዱ ሁለት ነው፦ ዛሬውኑ ድርሻውን በመዝገብ ማስተላለፍ፣ ወይም «ጻቫአ»፣ ማለትም ኑዛዜ፣ መጻፍ። ኑዛዜ ከሌለ ከቤት ዕቃው በቀር ግማሹ ለሚስት ወይም ለባል፣ ግማሹ ለልጆች እኩል ይከፈላል፤ ጓሮው ላይ ማን እንደሠራ አይጠየቅም። ኑዛዜ ሲጻፍም የሚጠቀመው ልጅ ጠበቃውን መርጦ፣ አባቱን ይዞ ገብቶ፣ አጠገቡ ተቀምጦ ቃሉን ማቀበል የለበትም። በኑዛዜው ዝግጅት ተካፋይ ለሆነ ሰው የተናዘዘውን ሕጉ ይሽረዋል። ለአባቱ ሊረዳ ሲል ያስተረጎመ ልጅ ራሱን ከውርስ ሊያስወጣ ይችላል። ለዚህ ሥራ የውጭ አስተርጓሚ ይፈለግ።

ስለ ባልና ሚስት ደግሞ። ከ1974 መጀመሪያ ወዲህ ለተጋቡ በ1973 የወጣው የባልና ሚስት የንብረት ሕግ ይሠራል። ሕጉ ጋብቻው ሲፈርስ በትዳር ዘመን የተፈራው ሁሉ በዋጋው እኩል ይካፈላል ይላል፤ በማን ስም ቢመዘገብም። ከጋብቻ በፊት የነበረ፣ በስጦታ ወይም በውርስ የመጣ ግን ከዚህ ውጭ ነው። እንግዲህ ባል ከጋብቻ በፊት የገዛው ቤት ውስጥ ሚስት 20 ዓመት ብትኖር፣ ልጆች ብታሳድግ፣ መኖሯ ብቻ ባለቤት አያደርጋትም። ዳኞች ከዚያ በላይ የሆነ ነገር ይፈልጋሉ፦ ለቤቱ እድሳት ገንዘቧን አውጥታ ከሆነ፣ ማሽካንታው ከጋራ ገንዘብ ተከፍሎ ከሆነ፣ ባሏም «የጋራችን ነው» እያለ ሲያኖራት ከነበረ። እህቶቼ፣ ከባንክ የወጣ ገንዘብ ወረቀቱን አትጣሉት። በጥሬ ገንዘብ ለሠራተኛ የተከፈለም ቢሆን ደረሰኝ ጠይቁ። በኢትዮጵያ ተጋብታችሁ የመጣችሁ ደግሞ ይህን ለጠበቃው አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ሕጉ በጋብቻው ጊዜ ትኖሩበት የነበረውን አገር ሕግ ሊመለከት ይችላልና።

ቤቱ በሁለቱም ስም ከተመዘገበ ክርክሩ ይቀልላል። አንዱ ወገን «ይሸጥና እንካፈል» ማለት መብቱ ነው። ነገር ግን ባልና ሚስት የሚኖሩበት ቤት ከሆነ ለልጆቹና አብሯቸው ለሚኖረው ወላጅ የሚበቃ ሌላ መኖሪያ እስኪገኝ ፍርድ ቤቱ ሽያጩን ያቆየዋል። ስለዚህ «ነገ ከልጆችሽ ጋር ጎዳና ትወድቂያለሽ» የሚል ዛቻ ሲሰማ ያስፈራል እንጂ ሕጉ እንደዚያ አይልም።

በአሚዳር ወይም በሌላ የመንግሥት ኩባንያ ቤት ለምትኖሩ አንድ ቃል ብቻ፦ እናንተ ተከራይ ናችሁ። ቤቱ ለልጆች አይናዘዝም፣ ለወንድም አይሸጥም፣ «ቁልፍ» ተብሎ ገንዘብ አይቀበሉበትም። አብሮ የሚኖር ቤተሰብ ምን መብት እንዳለው ኩባንያውን በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

አሁን ወደ ሽምግልና ልምጣ። ሽማግሎቻችንና ቄሶቻችን ያስታረቁትን ቤት እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ፍርድ ቤት በሦስት ዓመት የማይጨርሰውን በአንድ ምሽት የጨረሱበት ጊዜ አለ። ሽምግልና አይቅር ነው የምለው። ችግሩ የሚመጣው ዕርቁ በቃል ሲቀር ነው። በንብረት ላይ ባልና ሚስት በትዳር ውስጥ ሆነው የሚያደርጉት ስምምነት በቤተሰብ ጉዳይ ፍርድ ቤት ወይም በሃይማኖት ፍርድ ቤት ካልጸደቀ በሕግ አይጸናም። ሽማግሎቹ የደረሱበትን በጠበቃ አስጽፋችሁ አጸድቁት፤ ያን ጊዜ እንደ ፍርድ ይሆናል። ሽማግሎችም ቢሆኑ ሴቲቱን ከወንዶቹ እኩል አስቀምጠው ይስሙ። «ልጆችሽን አስቢና ተዪው» ተብላ ድርሻዋን በዝምታ የተወች እናት ነገሩ ሲገባት ወደ ጠበቃ ትሄዳለች፤ የታረቀውም ይፈርሳል።

ከፊርማ በፊት ደግሞ አትቸኩሉ። «ዚክሮን ድቫሪም» የሚባል አጭር ወረቀት አለ፤ ሰው ማስታወሻ ብቻ ይመስለዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን እንደ ሙሉ ውል ያስራል። «ይፑይ ኮአኽ»፣ ማለትም የውክልና ወረቀት፣ የፈረመ ሰው ሌላው በስሙ እንዲሸጥ ሊፈቅድ ይችላል። የማታነቡትን አትፈርሙ፤ «በአማርኛ ይነገረኝ» ማለት ነውር አይደለም። ጠበቃው «ቀላል ነገር ነው፣ ልጁ ያስረዳሃል» ቢላችሁ እሺ አትበሉ። የ14 ዓመት ልጅ የሐኪም ቀጠሮ ያስተረጉም ይሆናል፤ የቤት ውል ግን አያስተርጉም። ቃሉን አያውቀውም፤ ከሁሉ በላይ ነገ «አንተ ነህ እንድፈርም ያደረግኸኝ» የሚባለው እርሱ ነው።

ክርክር ከጀመረ መሄጃው ይህ ነው። የቤተሰብ አባላት የንብረት ክርክር በ1995 በወጣው ሕግ መሠረት በቤተሰብ ጉዳይ ፍርድ ቤት ይታያል፤ በሐዴራም አለ። ባልና ሚስት፣ ወላጆችና ልጆች ከ2016 ጀምሮ ክስ ከማቅረባቸው በፊት የክርክር ማስታረቂያ ጥያቄ ያስገባሉ፤ በፍርድ ቤቱ አጠገብ ያለው የእርዳታ ክፍል፣ «ዪሒዳት ሲዩዓ» የሚባለው፣ እስከ አራት ጊዜ ያነጋግራቸዋል፤ ክፍያ የለውም። ለጠበቃ የሚከፍሉት የሌላቸው በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ወዳለው የሕግ እርዳታ ክፍል፣ «ሲዩዓ ሚሽፓቲ»፣ ያመልክቱ። ገቢያችሁንና የጉዳዩን ተስፋ አይተው ጠበቃ ይመድቡላችኋል። የእኛ አካባቢ የሚታየው በሐይፋ ወረዳ ነው። ስትሄዱ ተዑዳት ዜሁት ከነአባሪው፣ የሦስት ወር የገቢ ወረቀት፣ የባንክ ሒሳብ፣ የመዝገብ ግልባጭ፣ የማሽካንታ ውል፣ ቤቱ ሲገዛ ወይም ሲሠራ ገንዘብ የወጣበትን ደረሰኝ ሁሉ፣ በስልክ የተላላኩትንም መልእክት ሳትሰርዙ ይዛችሁ ሂዱ። አማርኛ አስተርጓሚ እንደምትፈልጉ ቀጠሮ በምትይዙበት ጊዜ ተናገሩ እንጂ እዚያ ደርሳችሁ አትጠብቁ።